የጋሽ ወልዴ ደፍ፦ በብስክሌትና በእግር ወደ ከፋ ጫካ

"አልገፋም አልኩህ! ብስክሌት የገዛሁት እሱ እንዲሸከመኝ እንጂ እኔ እንድሸከመው አይደለም።"

"ታዲያ እዚህ ገደል ላይ ልታድር ነው?"

"አይሱዙ እጠብቃለሁ።"

"ከጠዋት ጀምሮ ያለፈን አይሱዙ ሁሉ ከብት የጫነ ነው።"

"ከከብቶቹ ጋር እሳፈራለሁ። ከብቶቹ ቢያንስ ግጥም አያነቡብኝም።"

ዳኛቸው ይህን ብሎ ብስክሌቱን መንገድ ዳር አጋደመና ጀርባውን ሰጥቶኝ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከታች የጎጀብ ወንዝ ደፍርሶ ይወርዳል። ከላይ የከፋ ዳገት እየተጠማዘዘ ደመና ውስጥ ይገባል። መንገዱ ገና እየተሠራ ስለነበር ግማሹ ኮረት፣ ግማሹ ቀይ አቧራ ነው። መኪና ባለፈ ቁጥር ዓይናችንን ጨፍነን፣ አፋችንን በክንዳችን ሸፍነን እንቆማለን። ተናድጄ ነበር። በዳኛቸው፣ በመንገዱ፣ ከሁሉም በላይ ይህን መከራ "እረፍት" ብዬ በጠራሁት በራሴ።

ሁለታችንም የባሕር ዳር ልጆች ነን። ባሕር ዳር ሜዳ ናት። ልጁም ሽማግሌውም፣ ቄሱም ነጋዴውም በዘንባባው ሥር በብስክሌት ይንሸራሸራል፤ ዳገት የምንለው ወደ ቤዛዊት የሚወስደውን ብቻ ነው፣ እሱንም ወርደን እንገፋለን። ዳኛቸው ብስክሌት ያከራያል፣ ይጠግናል። እኔ ግጥም እጽፋለሁ፣ ማንም አላስተማረኝም፣ ማንም አላተመልኝም። ተራራና ጫካ በብስክሌትና በእግር እናያለን ብዬ ክረምት ሳይገባ ጎትቼ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው ተመልሼ ነው፤ እዚያ ለማትሄዱት፣ ሐይቁ ዳር ተቀምጣችሁ "ደቡብ ምን ይመስላል?" እያላችሁ ለምትጠይቁኝ።

ከባሕር ዳር ጅማ ድረስ በአውቶቡስ ሄድን። ብስክሌቶቻችን ጣሪያ ላይ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር ታስረው ተጓዙ፣ ጅማ ሲወርዱ የዳኛቸው ብስክሌት ፓራፋንጎ፣ የጭቃ መከላከያው፣ እንደ ቆርኪ ተጣሞ ነበር። ረዳቱን "ምን አደረግኸው?" ስንለው "እኔ ምን ላድርግ፣ ሽንኩርቱ ነው" አለን። እሑድ ከጅማ ተነስተን ሸቤ አደርን። በየመንደሩ ሕፃናት "ቻይና! ቻይና!" እያሉ ይከተሉናል። መንገድ ሠሪዎቹን ስለለመዱ በዚያ መንገድ ያለ ምክንያት የሚለፋ ሰው ሁሉ ለእነሱ ቻይና ነው። ዳኛቸው እንደ ምጣድ የጠቆረ ሰው ነው። መጀመሪያ ሳቀ፣ በኋላ ግን ወርዶ አንዱን ልጅ "እስቲ የኔን ዓይን እየው!" አለው። ልጁ አየውና "ቻይና" አለ። የሸቤው አልቤርጎ ፍራሹ ሳር ነው፤ ከሳሩ ጋር የገባ እሾህ ነበረበት። ባለቤትየዋ እሾሁን ሳሳያቸው ሌላ ክፍል አልሰጡኝም፤ የራሳቸውን አልጋ ለቀቁልኝና እሳቸው ወንበር ላይ አደሩ። ይህን ጊዜ መናደድ እንኳ ከለከሉኝ።

ሰኞ የጎጀብን ቁልቁለት በፍሬን ሽታ ወርደን፣ ይኸው ዳገቱ ላይ ቀረን። የዳኛቸው አይሱዙ አልመጣም። የመጡት ጎደሬ የተሸከሙ ሁለት ሴቶች ናቸው። አይተውን ሳቁ፣ በአገሩ ቋንቋ በከፍኛ ተነጋገሩ፣ ሸክማቸውን አወረዱና የተቀቀለውን ጎደሬ በበርበሬ ሰጡን። አንዷ "የት ነው?" አለችን። "ቦንጋ።" "በዚህ?" ብላ ብስክሌቱን በጣቷ ነካችው፣ ገና የተወለደ ጥጃ የምትነካ ይመስል። ዳኛቸው ጎደሬውን ጨርሶ ተነሳና ብስክሌቱን መግፋት ጀመረ። ጊምቦ ስንደርስ ባዶ የቢራ ጠርሙስ የጫነ መኪና አዘነልንና ቦንጋ በጠርሙስ መንኳኳት ታጅበን ገባን።

ቦንጋ ኮረብታ ላይ ተንጠልጥላለች። እኛ አገር ዝናብ እንግዳ ነው፣ መጥቶ ይሄዳል። እዚያ ዝናቡ ነዋሪ ነው፤ እንግዳው ፀሐይ ነው። ልብሳችን አልደርቅ አለ፣ ክብሪታችን እምቢ አለ፣ የዳኛቸው ብስክሌት ካቴና በአንድ ቀን ዛገ። ማክሰኞ ለጫካው አስጎብኚ ፍለጋ ወደ አንድ ቢሮ ሄድን። ግድግዳው በፖስተር ተሸፍኗል፤ የየብሔረሰቡ ሰው የባህል ልብሱን ለብሶ፣ እጅ ለእጅ ተያይዞ ይጨፍራል። ኪሱ የበዛ ሰደርያ የለበሰው አስተባባሪ "ማህበረሰብ ተኮር ቱሪዝም"፣ "ብዝኀ ሕይወት"፣ "ገጽታ ግንባታ" እያለ ብዙ አወራልን። ወንበር ግን አልሰጠንም። በመጨረሻ "ዓለሙ ይወስዳችኋል፤ ዘንድሮ የገባ ነው፣ ሙከራ ላይ ነው" አለን።

"የምን ሙከራ?" አልኩት።

"እንዲያው... ፊድባክ እንሰበስባለን። እንግዶች የሚያድሩበት ቤት ቅሬታ ካላቀረበ ይቀጥላል።"

ዓለሙ በሩ አጠገብ ቆሞ ይሰማ ነበር። የእኛ እኩያ ነው። ቢጫ የዝናብ ልብስ ለብሷል፣ ይህን ልብስ ፀሐይ ስትወጣም አያወልቀውም። ስንወጣ ብስክሌቶቹን ዞሮ አያቸውና "ሳር ይበላሉ?" አለን።

"አይበሉም" አለው ዳኛቸው።

"ታዲያ ለምን ከኋላቸው ትሄዳላችሁ?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳኛቸው ወደደው።

ረቡዕ ጠዋት በብስክሌት የሚቻለውን ያህል ሄደን፣ ብስክሌቶቹን አንድ ሱቅ አስቀምጠን፣ በማንኪራ በኩል ወደ ጫካው በእግር ገባን። ስለ ፏፏቴው ብዙ አትጠብቁ፤ ፏፏቴውን ያየሁት በጀርባዬ ተንሸራትቼ ወደ እሱ ስወርድ ነው። ዳኛቸው ጭቃ ውስጥ አንድ ጫማውን አጣና ዓለሙ እስከ ክርኑ ገብቶ አወጣለት። ጉሬዛዎች ከላይ ሆነው ያዩናል። ጫካው እኛ ጋ እንዳሉት የገዳም ደኖች በቅጥር የታጠረ አይደለም፤ መጀመሪያም መጨረሻም የለውም፣ ቡናው ራሱ ከዛፍ ሥር ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። ረጃጅሞቹ ዛፎች ላይ ቀፎ ተሰቅሏል። ዓለሙ ማን ያንን ዛፍ እንደሚወጣ፣ ማን ወድቆ እግሩ እንደተሰበረ፣ ማን የማንን ማር ሰርቆ እንደተያዘ እያወራ ሳቅ በሳቅ ያደርገናል፤ ግማሹ ውሸት ነው ብዬ ጠርጥሬያለሁ። በተራመደ ቁጥር ከቦርሳው "ኳ፣ ኳ" የሚል ድምፅ ይሰማል።

"ምንድነው የያዝከው?"

አውጥቶ አሳየኝ። ጠርዙ የተላጠ የብረት ሳህንና አንድ ኩባያ።

"ሳህን ተሸክመህ ነው የምትዞረው?"

"የኔ ጓደኛ ነው" አለ። "ከሱ ጋር ነው የምበላው።"

ቀልድ መሰለኝና ሳቅኩ።

ሊመሽ ሲል ከማንኪራ ወዲያ ባለች ትንሽ መንደር ጋሽ ወልዴ ቤት ደረስን። እንግዳ የሚያሳድሩት እሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለ አቀባበል አባቴ ቤት አላየሁም። ጋሽ ወልዴ ራሳቸው ጎንበስ ብለው እግራችንን አጠቡን፣ "ኧረ ጋሼ!" ስንል "ዝም በሉ፣ የኔ ቤት ነው" አሉን። ባለቤታቸው እትዬ አበበች ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አንስተው ለዳኛቸው አለበሱት፣ የኔን ርጥብ ሹራብ እሳት ላይ ዘረጉ። ለማግስቱ ደቦ ጠርተው ስለነበር ቤቱ ሥራ በሥራ ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ የበቆሎ ማሳቸውን ሊኮተኩትላቸው ነው። ቦርዴው ተጠምቋል፣ ቆጮው ተዘጋጅቷል። ጋሽ ወልዴ ወገባቸውን ስለሚያማቸው በደቦው ላይ ነው ተስፋቸው። "ነገ ካልተኮተኮተ ዘንድሮ በቆሎ የለኝም" አሉን እየሳቁ።

ቆጮ፣ ጎመንና ማር በትልቅ ትሪ ቀረበ። እጃችንን ስንታጠብ ዞር ብዬ ዓለሙን ፈለግኩት። ከደፉ ውጪ፣ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ግንድ ላይ ተቀምጧል። ዝናቡ ከጉልበቱ ፊት ይወርዳል። ሳህኑን መሬት አስቀምጧል። እትዬ አበበች ድርሻውን ይዘው ወጡና ከፍ አድርገው፣ እጃቸውም ዕቃቸውም ሳህኑን ሳይነካ ጣል አደረጉለት። ውሃውንም እንዲሁ ከላይ አንቆረቆሩለት። እሱ "እግዜር ይስጥልኝ" አለ።

"ዓለሙ ለምን አይገባም?" አልኩ።

ጋሽ ወልዴ ዝናብ ለምን እንደሚዘንብ የተጠየቁ ይመስል አዩኝ። "ልጄ፣ እሱ እኮ ማንጆ ነው።"

ማንጆ የሚባሉት ጫካው ዳር የሚኖሩ፣ ማገዶና ከሰል ወደ ከተማ የሚያወርዱ ሰዎች ናቸው። ቋንቋቸው የጎረቤቶቻቸው ቋንቋ ነው፣ መልካቸው የጎረቤቶቻቸው መልክ ነው። ዱሮ የማይበላ አውሬ ይበሉ ነበር ተብሎ ዛሬም ቤት አይገቡም፣ ከሰው ማዕድ አይቆርሱም፣ የበሉበት ዕቃ አይነካም። ሁሉም ሰው እንዲህ ያደርጋል አልልም፤ ቦንጋ ውስጥ ይህን ነገር የሚጠየፉ አስተማሪዎች አጋጥመውኛል። በዚያ ምሽት ግን የማየው አንድ ደፍና አንድ ሰው ነበር።

"ካልገባ አልበላም" አልኩ።

 ዳኛቸው ክርኔን ያዘኝ። "ሰው ቤት ነው ያለኸው፣ አንተ።"

"ሰው ቤት ከሆነ ሰው ይግባበት!"

ጋሽ ወልዴ ፊታቸው ተለዋወጠ። እንግዳ በቤታቸው ጾሙን ቢያድር ለእሳቸው እንደ ሞት የሚቆጠር ነው፤ ይህን አውቅ ነበር፣ አውቄም ነው ያልኩት። ባለቤታቸውን አዩ፣ እሳቱን አዩ። በመጨረሻ "ይግባ" አሉ ቀስ ብለው።

"እዚሁ ይሻለኛል ጋሼ" አለ ዓለሙ ከውጪ።

"ግባ ተብለሃል!" አልኩት።

"እዚሁ ይሻለኛል አልኩ።"

ተነስቼ ወጣሁና ክንዱን ይዤ ሳብኩት። አልታገለኝም። ከአጠገቤ አስቀመጥኩትና ትሪውን ወደ እሱ ገፋሁ። አንገቱን ደፍቶ በላ። እትዬ አበበች ፊታቸውን ወደ ጓዳ አዙረው ቆሙ። ጋሽ ወልዴ ሁለት ጉርሻ ቆርሰው እጃቸውን ታጠቡ። እኔ ግን ጠግቤ በላሁ፣ እንደ ጀግናም ተሰማኝ። ዓለሙ እንዳበቃ አመስግኖ ወደ እናቱ መንደር ሄደ። እኔ ስለ ደፍ ግጥም ጀምሬ፣ ጥሩ ስንኝ ነው እያልኩ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ሐሙስ ጠዋት የበላንበት ትሪ ከከብቶቹ በረት ኋላ ተጥሎ አገኘሁት። ውሻው ይልሰዋል።

ጋሽ ወልዴ መቆፈሪያና አካፋ የመሰለውን ሁሉ ደርድረው፣ ቦርዴውን አውጥተው ማሳው ራስ ላይ ቆመዋል። ሰዎቹ መጡ። መቆፈሪያቸውን በትከሻቸው ይዘው ከላይ ከመንገዱ ቆሙ፣ አልወረዱም። አንድ ሰው ጮክ ብሎ ጠየቀ፣ ጋሽ ወልዴ መለሱ፤ ከፍኛ ስለሆነ አልገባኝም፣ ግን "ማንጆ" የምትለዋን ቃል ሰማሁ። ከዚያ ማንም አልተቆጣም፣ ማንም አልተሳደበም። አንድ በአንድ ተመለሱ። ማንጆ የበላበት ቤት ቦርዴ አይጠጡም፤ ቦርዴ ያልጠጡበት ደቦ ደግሞ ደቦ አይደለም። እትዬ አበበች ደጁ ላይ ቆመው የሚመለሱትን ጀርባዎች አዩ። ከሚመለሱት አንዷ እህታቸው ነበረች።

"ይምጡ፣ እኔ ላናግራቸው!" ብዬ ወደ መንገዱ ልሮጥ ስል ዳኛቸው ከኋላዬ ኮሌታዬን ያዘ።

"በቃህ። የትናንቱ አነሰህ?"

"አልተሳሳትኩም!"

"ማን ተሳሳትክ አለህ? በቆሎው ግን ሊበላሽ ነው።"

ከዚያ መቆፈሪያ አንስቶ ማሳው ውስጥ ገባ። ዳኛቸው በልጅነቱ ክረምት ክረምቱን ገጠር ያሳልፍ ነበር፣ ሲኮተኩት ደስ ይላል። እኔም ገባሁ፤ እጄ በአንድ ፈር ተላጠ፣ ከአረሙ ይልቅ በቆሎውን የነቀልኩ ይመስለኛል፤ ጋሽ ወልዴ ግን እያዩ "በርታ" ይሉኛል። ሠርተን ሠርተን የማሳውን ጥግ እንኳ አልጨረስንም። እትዬ አበበች በመካከል ቦርዴ አመጡልን፣ ለሠላሳ ሰው የተጠመቀ ቦርዴ። ጠጡ አሉን በፈገግታ። ምነው ቢቆጡኝ! ያን ጊዜ እኔም መልስ ይኖረኝ ነበር።

ዓለሙ ረፋድ ላይ ሊወስደን መጣ። ወደ ግቢው አልገባም። ከአጥሩ ውጪ፣ ከአንድ ዋንዛ ሥር ቆሞ ጠበቀን። እንደምን አደራችሁም አላለን። መንደሩን እስክናልፍ ከፊት ከፊት ሄደ፣ ከዚያ ድንገት ዞረ።

"ማን ስጠኝ አለህ?"

"ምን?"

"ማን አስገባኝ አለህ? ለምኜሃለሁ?"

"በዝናብ ውጪ አስቀምጠውህ..."

"ዝናብ አይነካኝም ነበር! ጣሪያው ሥር ነበርኩ!" በእጁ ወደ መጣንበት ጠቆመ። "ማገዶ ሳመጣላቸው መጀመሪያ ያ ዋንዛ ሥር ነበር የሚያስቆሙኝ። እዚያ ቆሜ እጠራለሁ፣ እንጨቱን አስቀምጬ እርቃለሁ። ከዚያ ሳህን ገዛሁ። 'ዕቃችሁን አልነካም፣ የራሴ አለኝ' አልኳቸው። አጥሩ ውስጥ ገባሁ። ሌላ ዓመት ደጁ ላይ ቆምኩ። ዘንድሮ እንግዳ ይዤ ስመጣ ጣሪያው ሥር ተቀመጥኩ። እትዬ አበበች ግንዱን ራሳቸው አመጡልኝ፣ አይተሃል ግንዱን? በሚመጣው ዓመት ደፉን አልፍ ነበር። ማንም ሳይነግራቸው፣ ራሳቸው ሳያውቁት አልፍ ነበር!"

"በስንት ዓመት?" አልኩት። እኔም ጮህኩ። "አንድ ደፍ ለማለፍ ስንት ዓመት? ይህ እኮ ውርደት ነው!"

"ውርደቱም የኔ ነው! ሥራውም የኔ ነው! አንተ በአንድ ራት አበላሸኸው። ዛሬ የት ቆሜ እንደጠበቅኩህ አላየህም?"

ዋንዛው ትዝ አለኝ። ግን አልተረጋጋሁም፤ ዛሬም አልተረጋጋሁም። በየዓመቱ አንድ እርምጃ እንዲሰጠው የሚለምን ሰው ስንት ዕድሜ አለው? ይህን ልናገር አፌን ስከፍት ዳኛቸው ቀደመኝ።

"አንተ ወይጦ ቤት ገብተህ በልተህ ታውቃለህ?"

ወይጦ ማለት እኛ ሐይቅ ዳር በደንገል ታንኳ የሚሠሩት ናቸው። ጉማሬ ይበሉ ነበር ተብሎ ባሕር ዳር ውስጥ ስንት ሰው ይጠየፋቸዋል። በታንኳቸው ተሻግሬያለሁ፣ ስለ ታንኳቸው ግጥም ጽፌያለሁ።

"አንተስ?" አልኩት።

"እኔ አልበላሁም። እኔ ግን ሰው ቤት ገብቼ አልጮህኩም።"

ዓለሙ እንደገና ከፊት ከፊት ሄደ፤ ቀኑን ሙሉ በጫካው ጭቃ ስንዞር ዋልን።

ምሽቱን ዓለሙ እናቱ ቤት ወሰደን፤ ሌላ የምናድርበት አልነበረም። ጎጆዋ ከጫካው አፍ ላይ ነች፣ ጭስ ከሳር ክዳኑ ይወጣል። እናቱ እኛን ሲያዩ ፈሩ። በከፍኛ ከልጃቸው ጋር በሹክሹክታ ተከራከሩ። ከዚያ ትኩስ የእንሰት ቅጠል ቆርጠው ደጅ አነጠፉልን፣ ጎደሬ ቀቀሉ፣ ከቅርፊት ዕቃ ማር አወጡ። ያን ማር የበላ ሰው የሱቅ ማር አይበላም። ውስጡ ጭስ ይሸታል፣ አበባ ይሸታል፣ ትንሽ ይመራል። ሳህን አልሰጡንም፤ ቅጠል ላይ ነው ያቀረቡልን። ጎደሬውን ከማቅረባቸው በፊት ዕቃውን ሁለት ጊዜ ፊታችን አጠቡት፣ እንድናይ። ዳኛቸው መጀመሪያ እጁን ሰደደ፣ ጨረሰ፣ "ይጨምሩልኝ" አላቸው። እናቱ አመኑም አላመኑም፣ ጨመሩለት።

"ለምን ውስጥ አንገባም?" አልኩ ዓለሙን። ብርድ ነበር።

"እናቴ እምቢ አሉ። የከተማ ሰው ማንጆ ቤት አደረ ከተባለ ነገ ማን ይጠየቃል?"

"ይህ እንኳ አይሆንም! የራሳቸው ቤት!"

"ልትጎትታቸው ነው?" አለኝ።

እናቱ ጋቢያቸውን አውጥተው ሰጡንና ከጣሪያው ጠርዝ ሥር፣ በቅጠሉ ላይ ተኛን። እሳቸው ከውስጥ ሆነው እንዳይበርደን እሳቱን ወደ በሩ አስጠጉት።

ዓርብ ብስክሌቶቻችንን ከሱቁ አውጥተን በዝናብ ቦንጋ ገባን። ቢሮው እንድንመጣ መልእክት አስቀምጦልን ነበር። ስንገባ ጋሽ ወልዴ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ያን ሁሉ መንገድ ከነወገባቸው ወርደው መጥተዋል። እኛን ሲያዩ ተነስተው ትከሻ ለትከሻ ሳሙን፣ "እጅህ ዳነ?" ብለው ጠየቁኝ። ዓለሙ በሩ አጠገብ ቆመ። አስተባባሪው ዛሬ ለእኛም ወንበር ሰጠን።

"ወንድሞቼ፣ ቅሬታ ቀርቧል" አለ። "ቅሬታው በእናንተ ላይ አይደለም። በዓለሙ ላይ ነው።"

"ያስገባሁት እኔ ነኝ!" አልኩ። "ጎትቼ!"

"ይህን እናውቃለን። ግን የቤቱን ደንብ ማክበር የሱ ሥራ ነው።"

"የምን ደንብ? ይህ ግድግዳህ ላይ የለጠፍከው ምንድነው?" ፖስተሩን በጣቴ አሳየሁት። "እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚጨፍሩት እነማን ናቸው? ጭፈራው ካለቀ በኋላ ማን ነው ውጪ የሚበላው?"

አስተባባሪው ፖስተሩን ዞሮ አላየውም። "እኛም እንዲህ ያለውን ኋላቀር አመለካከት እንታገላለን። ግን ማህበረሰቡን ይዘን ነው።"

ጋሽ ወልዴ እጃቸውን አነሱ። "እኔ ልጁን አልጠላውም" አሉ። "አባቱን አውቀዋለሁ፣ ማገዶዬን ይኸው ልጅ ነው የሚያመጣው። ግን ደቦዬ ቀረ። በቆሎዬ አረም ውጦታል። እህቷ ሚስቴን ሰላም አትልም።" ዓይናቸው ቀላ። "ሽማግሌዎቹ ተስማምተዋል። ይምጣና ዋንዛው ሥር ቆሞ 'ደፍሬ ገብቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ' ይበል። ቤቱም ይነጻል፣ ሰውም ይመለሳል። እሱም እንደ ዱሮው ጣሪያው ሥር ይቀመጣል። ግንዱን አላነሳሁበትም።"

"ይኸው!" አለ አስተባባሪው፣ ፊቱ በራ። "መፍትሔው ይህ ነው። ዓለሙ፣ ይቅርታ ትጠይቃለህ፣ ሥራህ ይቀጥላል። ካልሆነ ግን የሚያሳድር ቤት የሌለው አስጎብኚ ምን ያደርግልኛል?"

"እኔ ይቅርታ እጠይቃለሁ!" አልኩ። ተነሳሁ። "ዛሬውኑ ተመልሼ ዋንዛው ሥር እቆማለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ጋሽ ወልዴ በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። "አንተ እንግዳ ነህ ልጄ። እንግዳ አያጠፋም።"

 በዚያ ቤት እግሬን ያጠበኝ ደግነት፣ አሁን ጥፋቴን ከእጄ ነጥቆ ዓለሙ ላይ ጫነው። ልጮህ ፈለግኩ፣ በማን ላይ እንደምጮህ ግን አላውቅም። እኚህ ሰው ክፉ ቢሆኑ ኖሮ እንዴት ይቀል ነበር!

ሁላችንም ዓለሙን አየነው። ቢጫ ልብሱ ውሃ ያንጠባጥባል። 

"ጋሼ" አለ፣ "ያን ማታ ትሪው ላይ ስበላ ምን እንደነበረኝ ልንገርዎት? ርሃብ። ከጠዋት ጀምሮ ጫካ ስዞር ውዬ ርቦኝ ነበር። ሌላ ነገር አልነበረኝም።"

"አውቃለሁ ልጄ" አሉ ጋሽ ወልዴ።

"ዋንዛው ሥር ቁም ቢሉኝ እቆማለሁ፣ ስቆም ነው የኖርኩት። ውጣ ቢሉኝ እወጣለሁ። ርቦኝ ስለበላሁ ግን ይቅር በሉኝ አልልም።"

"ዓለሙ፣ አስብበት" አለ አስተባባሪው። "ሥራህ ነው። የሙከራ ጊዜህ ሊያልቅ ነው። እኔ ሌላ ምን ላድርግልህ?"

ዓለሙ ዞሮ በሩን ከፈተ። ዳኛቸው አንገቱን ደፍቶ ቀረ። እኔ ወንበሬን ገፍቼ፣ አብሬው ልወጣ ሁለት እርምጃ ተራመድኩ። ዓለሙ ደፉ ላይ ቆመና ከፊቴ እጁን ዘረጋ።

"አንተ ተቀመጥ" አለኝ።

ወጣ። የዚያ አገር በር በዝናቡ ያብጣል፣ ቶሎ አይገጥምም። ከውጪ ሆኖ ሳበው፣ አልገጠመም። እጀታውን እንደገና ይዞ፣ በሙሉ ክብደቱ ጎትቶ ዘጋው።